የኮና ረጅሙ መንገድ

በቤታችሁ ውስጥ ሰው ተጎድቶ ያውቃል? እግሩ የተሰበረ፣ ወገቡ የተመታ፣ ወይም በመኪና አደጋ ለወራት አልጋ ላይ የዋለ? እንግዲያው ይህን ሳታውቁት አትቀሩም፤ አጥንቱ የሚሰበረው የአንድ ሰው ቢሆንም ሕመሙን የሚሸከመው ግን ቤቱ በሙሉ ነው። የሚያጎርስ፣ የሚያለብስ፣ ሌሊት ተነሥቶ የሚያገላብጥ ሰው ያስፈልጋል። ታዲያ አንድ ቀን የተጎዳው ሰው ቀና ብሎ፣ “እንደ ገና እሮጣለሁ” ሲል አጠገቡ ያለው ሰው ምን ብሎ ይመልስለት? “ተው፣ ይቅርብህ” ይበለው ወይስ “በርታ”?

በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ የሚያስተምር አንድ ስፍራ አለ። እስቲ በሐሳብ አብረን ወደዚያ እንጓዝ።

ጥቁር ድንጋይና ሰማያዊ ባሕር

ሀዋይ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል የሚገኙ ደሴቶች ናቸው። ደሴቶቹ በእሳተ ገሞራ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ትልቁ ደሴት ራሱ ሀዋይ ተብሎ ይጠራል። በዚህ ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ ካይሉአ ኮና የምትባል ከተማ አለች። ከከተማዋ ወደ ሰሜን ሲወጣ ግራና ቀኙ ጥቁር ነው። ከተራራ ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ እንደ ረጋ ሊጥ ተጋድሞ ይታያል። የአውሮፕላን ማረፊያው እንኳ የተሠራው በ1801 ሁዋላላይ ከተባለው ተራራ በፈሰሰው ላቫ ላይ ነው። በሜዳው ላይ ጥላ የለም ማለት ይቻላል። ፀሐይ ከላይ ታቃጥላለች፤ ጥቁሩ ድንጋይ ደግሞ የተቀበለውን ሙቀት መልሶ ከታች ይተፋል።

በዚህ ሜዳ ላይ ሰዎች ኮራል የሚባለውን ነጭ የባሕር ድንጋይ እየደረደሩ ስም ይጽፋሉ። በጥቁሩ ላይ ነጩ ከሩቅ ስለሚታይ፣ መንገደኛው የማያውቃቸውን ሰዎች ስም እያነበበ ያልፋል።

ከከተማዋ በላይ ባለው ተዳፋት ግን አገሩ አረንጓዴ ነው፤ ቡና ይበቅልበታል። የኮና ቡና አረቢካ ነው፤ ዘሩ ጥንት ከእኛው ደን የተነሣ። በ1828 ወደ ኮና ያመጣውና የተከለው ሳሙኤል ራግልስ የተባለ ሚስዮናዊ ነበር። ከእኛ አገር የሄደ እንግዳ በዚያ ሩቅ ደሴት አንድ ስኒ ቡና ሲቀርብለት የቤቱን ነገር እየጠጣ ነው ማለት ነው።

ሁለት ባልና ሚስት

ራግልስን ያመጣችው መርከብ በሚያዝያ ወር 1820 ካይሉአ ስትደርስ ኤሳ ተርስተንና ሚስቱ ሉሲ አብረው ነበሩ። ሁለቱ የተጋቡት መርከቧ ከቦስተን ከመነሣቷ ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ ነው። የሙሽርነት ወራታቸውን ያሳለፉት ከአምስት ወር በላይ በፈጀ የባሕር ጉዞ ላይ ነበር። ያን ጊዜ የተጀመረችው ሞኩአይካዋ ቤተ ክርስቲያን በሀዋይ የመጀመሪያዋ ናት፤ በ1837 የተጠናቀቀው የድንጋይ ሕንፃዋ ዛሬም በከተማዋ ዋና መንገድ ላይ ቆሟል። ሉሲ በ1855 ያለ ማደንዘዣ የጡት ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ከዚያ በኋላ 21 ዓመት ኖረች። ስለዚህ በኮና ስለ ቆሰለ ሰውነትና ስለ ጽናት ማውራት ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም።

ሁለተኞቹ ባልና ሚስት ጆንና ጁዲ ኮሊንስ ናቸው። ጆን የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ኦዋሁ በተባለው ሌላው የሀዋይ ደሴት ሲኖሩ በዚያ ሦስት የታወቁ ፈተናዎች ነበሩ፤ አንዱ ረጅም ዋና፣ አንዱ ደሴቱን በብስክሌት መዞር፣ ሦስተኛው የሆኖሉሉ ማራቶን። ባልና ሚስቱ፣ “ሦስቱ በአንድ ቀን ቢደረጉስ?” አሉ። በየካቲት ወር 1978 አሥራ አምስት ሰዎች ተነሡ፤ አሥራ ሁለቱ ጨረሱ። አንደኛ የወጣው ጎርደን ሃለር 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ፈጀበት። ጆን ኮሊንስ ራሱ ከ17 ሰዓት በኋላ ገባ። አይረንማን የሚባለው ውድድር እንዲህ ተጀመረ። በ1981 ወደ ኮና ተዛወረ።

ርቀቱን እናስበው። መጀመሪያ በባሕር 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና ነው። ቀጥሎ 180 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ይኬዳል፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማ በኩል ከመተሐራ ቅርብ እንደ መድረስ ነው። በመጨረሻም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር፣ ማለትም ሙሉ ማራቶን፣ ይሮጣል። ለዚህ ሁሉ የተሰጠው ጊዜ ለረጅም ዓመታት 17 ሰዓት ሆኖ ቆይቷል። ማለዳ የተነሣው ሰው እኩለ ሌሊት ላይ መጨረስ አለበት።

ከእሳት የወጣችው ልጅ

ቱሪያ ፒት አውስትራሊያዊት የማዕድን መሐንዲስ ናት። በመስከረም ወር 2011፣ ገና በ24 ዓመቷ፣ በምዕራብ አውስትራሊያ ኪምበርሊ በተባለ ምድር የ100 ኪሎ ሜትር ሩጫ ስትሮጥ የሣር እሳት ከበባት። ከሰውነቷ 65 በመቶው ተቃጠለ። እርዳታ እስኪደርስላት ለሰዓታት ጠበቀች። ሕይወቷ ቢተርፍም ከጣቶቿ ብዙዎቹን አጣች። በኋላም ከመቶ በላይ ቀዶ ጥገናዎች ተደረጉላት። መቆምን፣ መራመድን፣ በራሷ መብላትን እንደ ሕፃን ልጅ እንደ አዲስ ተማረች። ቆዳዋ ጠባሳው እንዳያብጥ ፊቷንና ሰውነቷን አጥብቆ የሚይዝ ልብስ ለሁለት ዓመት ያህል ለብሳ ኖረች። ዳግመኛ መሮጥ እንደማትችል ተነግሯት ነበር።

በዚያን ጊዜ ማይክል ሆስኪን የተባለ ወዳጅ ነበራት፤ ፖሊስ ነበር። ሥራውን ትቶ አስታማሚዋ ሆነ። ቁስል ማጠብና ማሸግ፣ ማጉረስና ማልበስ የቀን ተቀን ሥራው ሆነ። የጋብቻ ጥያቄውን ያቀረበላት በ2015 ነው። ቀለበቱን የገዛው ግን እርሷ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝታ ሳለች መሆኑ በኋላ ተሰማ። ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቱሪያ ገና ከሞት ጋር ስትታገል፣ ፊቷ ምን እንደሚመስል እንኳ በማይታወቅበት ሰዓት፣ አንድ ሰው ውሳኔውን ወስኖ ነበር።

የመጀመሪያው ረጅም ትራያትሎኗ በግንቦት ወር 2016 በአውስትራሊያ ፖርት ማኳሪ ከተማ የተደረገው ነው። ከ13 ሰዓት በላይ ፈጅቶባት ጨረሰች። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ወደ ኮና መጣች።

ያን ቀን በመንገዱ ላይ

እስቲ መንገዱን እንከተለው። ዋናው የሚጀመረው ማለዳ ከከተማዋ ወደብ ነው። ውኃው ሞቃት በመሆኑ ሰውነትን የሚያንሳፍፈውን የጎማ ልብስ መልበስ አይፈቀድም። ጣቶች የጎደሉት እጅ ውኃን እንደ መቅዘፊያ ሊገፋ አይችልም፤ ስለዚህ ትከሻና እግር የእጅን ድርሻ ጭምር ይሠራሉ።

ከውኃው ወጥተው ብስክሌት ላይ ይወጣሉ። አውራ ጎዳናው በንግሥት ካአሁማኑ ስም ይጠራል። ንግሥቲቱ በ1825 የተጠመቀች፣ ብዙ ሕዝብም ወደ ወንጌል እንዲመጣ ምክንያት የሆነች ገዢ ነበረች። መንገዱ በጥቁሩ ሜዳ መካከል ወደ ሰሜን ይወጣና ሃዊ ከምትባል ትንሽ ከተማ ይመለሳል። በዚያ አቅጣጫ ከተራሮቹ መካከል የሚወርደው ነፋስ ከጎን ሲመታ ጠንካራውን ብስክሌተኛ እንኳ ከመንገዱ ያንሸራትታል። ለቱሪያ መያዣውን ጨብጦ መቆየት፣ ፍሬን መያዝና ማርሽ መቀየር ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ብስክሌቷ ለእጇ እንዲስማማ ሆኖ መስተካከል ነበረበት።

ከሁሉ የከፋው ግን ሙቀቱ ነው። ሰውነታችን የሚቀዘቅዘው በላብ ነው። ቃጠሎ ደርሶበት በንቅለ ተከላ የተሸፈነ ቆዳ ደግሞ እንደ ቀድሞው አያልብም፤ የላብ ዕጢዎቹ ጠፍተዋልና። ስለዚህ የቀረው ጤነኛ ቆዳ የሁሉንም ሥራ ይሠራል። ጤነኛውን ሰው በሚጥል ሙቀት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰውነት ይዞ መሮጥ ድፍረት ብቻ አይበቃውም። ፍጥነትን መቀነስ፣ ውኃና በረዶ በየጣቢያው መቀበልና መቼ መራመድ እንደሚገባ ማወቅ ይጠይቃል።

በዚያ ቀን 14 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ፈጅቶባት ፀሐይ ከጠለቀች ከሰዓታት በኋላ ገባች። ከአምስት ዓመት በፊት ከነበራት ሰውነት ጋር አልነበረም የገባችው። ያ ሰውነት አልተመለሰም፤ አይመለስምም። የጨረሰችው በተረፈላት ሰውነት ነው። ይህ የዛሬው ጉዟችን ዋና ትምህርት ነው፤ መዳን ማለት ሁልጊዜ ወደ ትናንቱ መመለስ ማለት አይደለም። ዛሬ በእጅ ባለው ነገር ወደ ፊት መሄድም መዳን ነው።

አንገቱ የተሰበረው ሯጭ

በዚሁ መንገድ ላይ ሌላም ታሪክ አለ። እንግሊዛዊው ቲም ዶን በግንቦት ወር 2017 በብራዚል ይህን ርቀት በ7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በጥቅምት ወር ለሻምፒዮናው ኮና መጥቶ ሲለማመድ፣ ውድድሩ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ተሽከርካሪ ገጨውና አንገቱ ተሰበረ። ከቀረቡለት የሕክምና አማራጮች ከባዱን ግን አንገቱን እንደ ቀድሞው ለማንቀሳቀስ የተሻለ ተስፋ የሚሰጠውን መረጠ። ጭንቅላቱ ላይ በብሎን የታሰረ የብረት ቀለበት ለሦስት ወር ተሸከመ። ሚስቱና ሁለት ትናንሽ ልጆቹ አባወራቸውን በዚያ ሁኔታ እያዩ ከረሙ።

በሚያዝያ 2018 የቦስተን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ሮጠ። በጥቅምት ወርም ወደ ኮና ተመልሶ በ8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ጨረሰ። ከራሱ ክብረ ወሰን ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ነው የገባው። ያለፈውን ዓመት ብቻ የሚያይ ሰው “ወረደ” ይላል። ቀለበቱን ያየ ሰው ግን ሌላ ይላል።

እኩለ ሌሊት ሲቃረብ

በኮና ከሁሉ የሚያምረው ሰዓት አሸናፊው የሚገባበት አይደለም፤ የመጨረሻው ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ሕዝቡ ወደ ፍጻሜው መስመር ይጎርፋል። ከሰዓታት በፊት ያሸነፉት ታጥበውና አርፈው ይመለሱና የመጨረሻዎቹን ቆመው ይቀበላሉ። እያነከሰ የሚመጣ አለ፤ እያለቀሰ የሚመጣ አለ። በየካቲት 1982 ጁሊ ሞስ የተባለች ወጣት ስትመራ ቆይታ ጉልበቷ ከዳት፤ መስመሩ ጥቂት ሲቀራት ወድቃ ተቀደመች። ቢሆንም በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች ጨረሰች። ብዙ ሰው ይህን ውድድር ያወቀው በአሸናፊዋ ሳይሆን በእርሷ ነው።

ከ2023 እስከ 2025 ሻምፒዮናው በወንዶችና በሴቶች ተከፍሎ በኮናና በፈረንሳይዋ ኒስ ሲፈራረቅ ቆየ፤ ከ2026 ጀምሮ ሁለቱም በአንድነት ወደ ኮና እንዲመለሱ ተወሰነ።

ለቤታችን ምን እንውሰድ?

ከመካከላችን ወደ ኮና የሚሄድ ጥቂት ነው። የተጎዳ ሰው ያለበት ቤት ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ይዘን እንመለስ።

አንደኛ፣ ለተጎዳው ሰው “ተው” ወይም “በርታ” ከማለታችሁ በፊት፣ “ዛሬ የሚቻለው ምንድን ነው?” ብላችሁ አብራችሁ ጠይቁ። ዛሬ ከአልጋ እስከ በር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከበር እስከ ግቢ በር። አጥንትና ጅማት በቁጣም በችኮላም አይጠገኑም። ሐኪሙ የወሰነውን ቀን አታሳጥሩ።

ሁለተኛ፣ ከቀድሞው ጋር አታወዳድሩ። “ድሮ እንዲህ ነበርክ” የሚለው ቃል በፍቅር ቢነገር እንኳ ያቆስላል። ትናንት ያልቻለውንና ዛሬ የቻለውን ቁጠሩለት።

ሦስተኛ፣ አስታማሚውን አትርሱ። ለሯጩ የሚያጨበጭብ ሞልቷል፤ ሌሊት የሚያገላብጠውን ግን ማንም አያየውም። ባልና ሚስት ሆይ፣ በሠርጋችሁ ቀን “በጤናም በሕመምም” ያላችሁት ቃል የሚፈተነው በዚህ ነው። ጎረቤትና ቤተሰብም አንድ ቀን እንኳ ተተክቶ አስታማሚውን ያሳርፍ። እርሱም 17 ሰዓት ሙሉ በፀሐይ የሚሮጥ ሰው ነው።

በዚያ ጥቁር ሜዳ ብታልፉና ነጭ ድንጋይ በእጃችሁ ቢኖር የማንን ስም ትጽፉ ነበር? መልሱ ቶሎ ከመጣላችሁ ዛሬ ማታ ለዚያ ሰው ንገሩት።