የዝሆኑ ሰውዬ ባሪያ ነበር



አማን ውስጥ ሕፃን ሽማግሌው ስሙን የሚያውቀው አንድ ሐበሻ አለ። ሯጭ እንዳይመስላችሁ፤ አብርሃ ነው። እነሱ «አብረሃ አል ሐበሺ» ይሉታል። ልጆች ያሉበት ቤት የምትሠሩ ስሙን ሳትሰሙ አትቀሩም። ስለ ዝሆኑ የሚናገረው የቁርዓን ሱራ አጭር ነው፤ አምስት አንቀጽ ብቻ ስለሆነ ልጆች ገና በትንሽነታቸው በቃላቸው ይይዙታል። ሱራው ውስጥ የአብርሃ ስም የለም፤ «የዝሆኑ ባለቤቶች» ብቻ ነው የሚለው። ስሙን የሚነግሩን ታሪኩን የሚያብራሩት ናቸው። ዝሆን ይዞ ካዕባን ሊያፈርስ የዘመተ የየመን ገዢ ነበር፣ አላህ ወፎች ልኮ ሠራዊቱን በድንጋይ አስደበደበው ይላሉ።

ጀበል አማን፣ እኔ በምሠራበት ቤት፣ ሁለተኛ ክፍል የሚማር ልጅ አለ። አንድ ቀን ሱራውን ለእናቱ በቃሉ ካለላት በኋላ ኩሽና መጣና «የአብርሃ ዘመድ ነሽ እንዴ?» አለኝ። ማዳም ሳቀች። ልጁ የእውነቱን ነው የጠየቀው፣ ክፋት የለበትም። እኔን የቆረቆረኝ ግን መልስ ማጣቴ ነው። የአገሬን ሰው እነሱ ያውቁታል፣ እኔ አላውቀውም። አሥረኛ ክፍል እስክጨርስ ስለ ንጉሥ ካሌብ ተምሬያለሁ፣ አብርሃ ግን እንደ ዋዛ የሚታለፍ ስም ነበር። ስለዚህ ማታ ማታ ሥራዬን ስጨርስ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። አረብኛ ማንበብ የምትችል ጓደኛዬም አግዛኛለች። ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ፣ ይህ አብርሃ ቤተ ክርስቲያን የምናውቀው የአጽብሃ ወንድም አብርሃ አይደለም። ስም ብቻ ነው የሚጋሩት። የእኛው ሰው የኖረው ከእነሱ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በአክሱሙ ንጉሥ በካሌብ ዘመን ነው። ያኔ የመን ሒምየር ትባል ነበር። ንጉሧ ዩሱፍ (ዙ ኑዋስም ይሉታል) በ523 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናግራን ላይ ክርስቲያኖችን ጨረሰ። ካሌብ በ525 ገደማ በመርከብ ተሻግሮ ዩሱፍን ድል አደረገና በምትኩ አንድ ክርስቲያን የሒምየር ሰው አንግሦ ተመለሰ። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ግን ቀሩ። አገሩ ለም ነው፣ ምን ሊያደርጉ ይመለሳሉ? ከቀሩት ውስጥ ነው አብርሃ የወጣው።

በዚያው ዘመን የኖረ ፕሮኮፒየስ የሚባል የግሪክኛ ታሪክ ጸሐፊ ስለ አብርሃ አንዲት ነገር ጽፏል፤ እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት እሷን ነው። አብርሃ አዱሊስ ላይ በባሕር የሚነግድ የአንድ የሮም ሰው ባሪያ ነበር ይላል። አዱሊስ ከምጽዋ በታች፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ያለ የድሮ ወደብ ነው። እንግዲህ ሰውዬው ከመኳንንት ዘር አይደለም፣ የጦር አለቃ ልጅም አይደለም። የተገዛ ሰው ነው። እኔ ሳስበው ጌታው ሲጠራው የሚሮጥ፣ የዝሆን ጥርስ ከመርከብ ወደ መርከብ የሚሸከም ወጣት ይታየኛል።

ወታደሮቹ ካሌብ የሾመውን ንጉሥ ምሽግ ውስጥ ዘግተው አብርሃን አነገሡ። ካሌብ ተቆጥቶ ሦስት ሺህ ሰው ከዘመዱ ጋር ላከ። የተላኩትም አገሩን ሲያዩ ወደዱት፣ አዛዣቸውን ገድለው ወደ አብርሃ ገቡ። ሁለተኛ ጦር ላከ፣ እሱም ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ካሌብ ተወው። ካሌብ ሲሞት ግን አብርሃ ለተተኪው ግብር ለመክፈል ተስማማ፤ ብልጥ ሰው ነው።

አረቦቹ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራሉ። አርያጥ ከሚባል የሐበሻ አዛዥ ጋር አንድ ለአንድ ሲጋጠም አፍንጫው ተሰነጠቀ፤ «አል አሽረም» የሚሉት ለዚህ ነው። ሊሞት ሲል ያዳነው፣ አርያጥን ከኋላ የመታለት የገዛ ባሪያው ነው። ባሪያ የነበረ ሰው ራሱ ባሪያ ገዝቷል ማለት ነው። ይሄ ነገር አልተዋጠልኝም።

ከሁሉም የማረከኝ ግን ድንጋዩ ነው። የመን ውስጥ ማሪብ የሚባል ቦታ በጣም የቆየ ትልቅ ግድብ አለ፤ ፍርስራሹ እስካሁን ይታያል። አብርሃ በ548 ገደማ የተናደውን ግድብ አሠራና ሥራውን በድንጋይ አስቀረጸ። የተጻፈው በግዕዝ አይደለም፣ በአገሩ በሳባውያን ቋንቋ ነው። መጀመሪያው ላይ እግዚአብሔርን «ረሕማን» ብሎ ይጠራል፤ አሠሪዎቻችን በየቀኑ የሚሉትን ስም ማለት ነው፤ ከዚያ ክርስቶስንና መንፈስ ቅዱስን ያነሣል። ዓመፅ ተነሥቶበት እንደነበረ፣ ግድቡ እንደተናደ፣ ሕዝቡን ለሥራ እንደጠራ ይናገራል። ሠራተኞቹ መሐል ግን በሽታ ገባ። አብርሃ ሕመሙን ሲያይ ሐበሾቹንም ሒምየሮቹንም እንዲሄዱ ፈቀደላቸው ይላል ድንጋዩ።

ኢጃዛ ሰጣቸው ማለት ነው! ይህን ሳነብ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ከ1,400 ዓመት በላይ የሆነው ንጉሥ፣ ለሠራተኛ ፈቃድ መስጠትን ከድሉ እኩል ድንጋይ ላይ ይጽፋል። እዚህ ዮርዳኖስ በ2009 የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አለን ይላል፣ ስንቶቻችን አርብን በዓይናችን እናየዋለን? እኔ ባለፈው ክረምት ትኩሳት ይዞኝ ስብረከረክ ምንጣፍ አጥቤያለሁ። የዚያ ቤት ሰዎች ክፉ አይደሉም፣ ብቻ ማንም ልብ አላለኝም።

የድንጋዩ መጨረሻ ደግሞ ወጪ ነው። ለሠራተኞቹ ምን እንደቀረበ ይቆጥራል፦ ከ50 ሺህ መስፈሪያ በላይ ዱቄት፣ 26 ሺህ መስፈሪያ ቴምር፣ ሦስት ሺህ የታረደ ከብት፣ 7,200 በግና ፍየል፣ በግመል የተጫነ ወይን። እኔ ይህን የማየው በኩሽና ሰው ዓይን ነው። ያ ሁሉ ዱቄት በመጅ ተፈጭቷል። በወፍጮ ድንጋይ ላይ ተንበርክከው የፈጩት፣ ያቦኩት፣ የጋገሩት ሰዎች ስንት እንደነበሩ አልተጻፈም፣ ዱቄቱ ግን እስከ መጨረሻዋ መስፈሪያ ተቆጥሯል።

ሌላም አለ። ለዚያ በዓል መልእክተኛ ከላኩት ውስጥ የአክሱም ንጉሥ፣ የሮም ንጉሥና የፋርስ ንጉሥ አሉበት። አል ሐሪስ ኢብን ጀበላም አለበት፤ እሱ በሮሞች ሥር የጋሳን አረቦች አለቃ ሆኖ ይህን የዛሬውን ዮርዳኖስና ሶርያ የሚያስተዳድር ነበር። አስቡት፣ ከዚህ እኛ ወለል ከምንወለውልበት አገር ሰው ተልኮ ሄዶ አዱሊስ ላይ የሰው ባሪያ በነበረ ሐበሻ ፊት እጅ ነሥቷል።

ስለ ዝሆኑ ዘመቻ ልከራከር አልፈልግም። ሙስሊም እኅቶቼ፣ ለእናንተ እምነት ነው፣ አከብረዋለሁ። አብርሃ በ552 ወደ መካከለኛው የአረብ ምድር እንደዘመተ የሚናገር ሌላ ጽሑፍ ዐለት ላይ አለ፣ መካም ዝሆንም ግን አያነሣም። እኔም ብሆን አብርሃን ታቦት አላደርገውም። በጦር የገባ ሰው ነው፣ ያውም በሰው አገር። የመኖች ልጆቹ እስኪሰለቿቸው ታግሠው ፋርሶችን ጠርተው አስወጧቸው፤ እኔም የመን ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። እኛ ያንን ባሕር የምንሻገረው በሌላ መንገድ ነው፤ ከኦቦክና ከቦሳሶ በጀልባ ተጭነው፣ ወደ ሳዑዲ ለማለፍ የመን የሚገቡትን ታውቃላችሁ። ከእኛ መሐልም እንደዚያ የመጣች አለች።

ለልጁ ግን መልስ አግኝቻለሁ፤ «ዘመዴ መሆኑን እንጃ፣ ግን እሱም እንደኔ ሰው ቤት ሠርቷል» አልኩት። ገርሞት ሄዶ ለአባቱ ነገረው። አባቱ አላመነም፤ ማስረጃውን በስልኬ ሳሳየው መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አነበበ።

አብርሃ ሰንዓ ላይ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ ነበር። አረቦቹ «አል ቀሊስ» አሉት፤ ከግሪኩ ኤክሌሲያ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ሕንጻው ጠፍቷል፣ በድሮው ሰንዓ ግን ቦታው እስከ ዛሬ ቀሊስ ይባላል። አንዲት ጓደኛዬ እዚህ ከመምጣቷ በፊት ሰንዓ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ለገበያ ስትላክ በዚያ በኩል ነበር የምታልፈው፤ የገበያው ቦርሳ ስለሚከብዳት ግንቡ ሥር ታርፍ ነበር።