ረጅሙና አጭሩ ሽጉጥ

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ስለ ሽጉጥ ለመናገር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ስሙን ቢመረምር ይበጀዋል። ጠመንጃ ይነገታል፤ ጎራዴ ይታጠቃል፤ ጦር ይሰበቃል፤ ሽጉጥ ግን ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው የሚሸጎጥ ነገር ነው። ይህን መሣሪያ የሰየሙት አባቶቻችን ያዩት የአፈሙዙን ርዝመት ወይም የጥይቱን ብዛት ሳይሆን ከልብስ ሥር መግባቱን ነበር። እንግዲህ በልዩ ልዩ አገር ያሉ የሽጉጥ ገዢዎች «ሙሉ መጠን ያለውን ልያዝ ወይስ አጠር ያለውን?» እያሉ የሚከራከሩበት ጉዳይ፣ በእኛ ቋንቋ ከመሣሪያው ስም ጋር አብሮ የተወለደ ክርክር ነው ማለት ይቻላል።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሱቅ ያላቸው አንድ ጎረቤታችን ያቀረቡልን ጥያቄ ነው። የመርካቶን ኑሮ የሚያውቅ ሁሉ ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ አያጣውም። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን የከተማውን ትልቅ ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደዚህ ካዛወሩት ወዲህ፣ በዚህ ሠፈር ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይውላል። ቀኑ የሁሉም ነው፤ ምሽቱ ግን የባለ ሱቁ ብቻ ነው። በሩ ተዘግቶ፣ ቁልፉ ተቆልፎ፣ የቀኑ ሽያጭ በከረጢት ተይዞ እስከ ቤት የሚኬድበት ያ ግማሽ ሰዓት ከቀኑ ሁሉ ይረዝማል። ጎረቤታችንም፣ «ልጆቼ፣ እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ስለሆናችሁ ሕግ ታውቃላችሁ። ፈቃድ ልጠይቅ አስቤአለሁ፤ ግን የትኛው ይሻለኛል? እንደ ድሮ መኰንኖች ረጅሙን ልታጠቅ ወይስ ኪስ የሚገባውን አጭሩን?» አሉን።

በመጀመሪያ የመለስንላቸው ስለ ሕጉ ነው። በመርካቶ ቦምብ ተራ የሚባል ሠፈር ቢኖርም ቦምብ እንደማይሸጥበት ሁሉ፣ ሽጉጥም በተክለ ሃይማኖት እንደ ጫማ ተደርድሮ፣ ቁጥሩ እየተለካ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ቁጥጥሩንም ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቶታል። ስለዚህ በአገራችን የመጀመሪያው ምርጫ በረጅምና በአጭር መካከል ሳይሆን በፈቃድና ያለ ፈቃድ በመያዝ መካከል ነው። በድብቅ የሚመጣው፣ በዜና ጊዜ «የቱርክ ሽጉጥ» ሲባል የምንሰማው ደግሞ ከሕግ ውጭ ከመሆኑ ሌላ ለባለቤቱም የሚታመን አይደለም። በአፍሪካ ቀንድ ከሚዘዋወሩት ከእነዚህ መካከል መጀመሪያ ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ ተሠርተው በኋላ ጥይት እንዲተኩሱ የተለወጡ አሉባቸው። እንዲህ ያለውን የያዘ ሰው ጠላቱን ይሁን የገዛ እጁን እንደሚጎዳ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም።

ጎረቤታችን ግን «ሕጉንስ ተረድቻለሁ፤ እኔ የጠየቅሁት ስለ ዕቃው ነው» ስላሉን፣ ወደ ዕቃው እንመለስ።

ረጅም ሽጉጥ ስንል አፈሙዙ ረዘም፣ እጀታው ሞላ ያለውን ማለታችን ነው። አሜሪካኖች በ1911 እ.ኤ.አ. ለጦር ሠራዊታቸው የተቀበሉት ኮልት ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው፤ አፈሙዙ 127 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ ከ1 ኪሎ በላይ ነው፤ ካዝናውም 7 ጥይት ይይዛል። የረጅሙ ጥቅም ግልጽ ነው። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው ስለሚራራቅ ዓይን በቀላሉ አይሳሳትም፤ ክብደቱ የተኩሱን ግፊት ስለሚውጠው እጅ ብዙ አይዘልም፤ እጀታውም አምስቱን ጣት በሙሉ ያስተናግዳል። አጭሩ ደግሞ ይቀላል፤ ከኮት ሥር አይታይም፤ በመቀመጥና በመነሣት ጊዜ አያስቸግርም። ነገር ግን በተተኮሰ ቁጥር በእጅ ውስጥ ይፈራገጣል፤ ትንሿ ጣትም አንዳንድ ጊዜ መያዣ አጥታ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ብዙ ሰው ትንሹ ሽጉጥ ለጀማሪ ይቀላል ብሎ ያምናል፤ እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ትንሹን አስተካክሎ ለመተኮስ የበለጠ ልምምድ ያስፈልጋል።

ፋብሪካዎችም ይህን ልዩነት ለማጥበብ ብዙ ደክመዋል። የኦስትሪያው ግሎክ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያወጣው 17 የሚባለው ሽጉጥ አፈሙዙ 114 ሚሊሜትር ሆኖ 17 ጥይት ይይዛል፤ በ1988 እ.ኤ.አ. የተከተለው አጠር ያለው 19 ደግሞ አፈሙዙ 102 ሚሊሜትር ሆኖ 15 ጥይት ይይዛል። ሁለቱን የሚለያቸው 12 ሚሊሜትርና 2 ጥይት ብቻ ነው። ለዚህች ለጣት ስፋት እንኳ ለማትሞላ ልዩነት የሚደረገው ክርክር ስንት እንደሆነ ሲታሰብ፣ ሰዎች የሚከራከሩት ስለ ብረቱ ሳይሆን ስለ ፍርሃታቸው ሳይሆን አይቀርም እንላለን።

ለእኛ አገር ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የሶቪየት ኅብረት መሣሪያ ነው። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ የሶቪየት መሣሪያ በብዛት ወደ አገራችን ሲገባ የማካሮቭ ስም በየሰው አፍ ገባ። ከማካሮቭ በፊት ሶቪየቶች ይታጠቁት የነበረው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተስፋፋው ቶካሬቭ ነበር። ቶካሬቭ አፈሙዙ 116 ሚሊሜትር፣ ማካሮቭ 93 ሚሊሜትር ተኩል ነው፤ ሁለቱም 8 8 ጥይት ይይዛሉ። በ1951 እ.ኤ.አ. አጭሩ ረጅሙን ተክቶ የሠራዊቱ መሣሪያ ሆነ። የቶካሬቭ ጥይት እጅግ ፈጣን ስለሆነ ብዙ ነገር በስቶ ያልፋል፤ የማካሮቭ ጥይት ግን ዝግ ያለ ነው። ከዚህም ሌላ ቶካሬቭ እንዳይተኮስ የሚቆለፍበት የእጅ መቆለፊያ የለውም፤ ማካሮቭ ግን አለው። እንግዲህ ትልቁ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለውም፣ ትንሹ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለውም ፍርድ በእነዚህ በሁለቱ ፊት ይፈርሳል። በተለይም እንደ ተክለ ሃይማኖት ባለ፣ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ አጥር ጎረቤትን ከጎረቤት በሚለይበት ሠፈር፣ ጥይቱ ሌባውን ቢስት ወዴት ይሄዳል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከግድግዳው ወዲያ የሚተኛው ልጅ የማን ልጅ ነው?

መጠን ዕጣን እንደማይወስን ታሪክም ያስተምረናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፣ ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖልን በስንት ሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ አደረሱት፤ ሆኖም በጦርነቱ ቀን ዕጣቸውን አልለወጠላቸውም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የመጨረሻዋን ቃል የተናገረችው በእጃቸው የነበረችው ሽጉጥ ናት፤ እርስዋም ከእንግሊዝ ንግሥት ከቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ እንደነበረች ይተረካል። በሌላም ወገን፣ በ1914 እ.ኤ.አ. በሳራዬቮ ከተማ የኦስትሪያን አልጋ ወራሽ ገድሎ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት የሆነው መሣሪያ፣ በቤልጅግ ፋብሪካ የተሠራ፣ ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ ብራውኒንግ ነበር። ከኮት ሥር የምትሸጎጥ ትንሽ ዕቃ ሚሊዮኖችን ለፈጀ እሳት መለኮሻ ሆነች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የእኛን አሳብ ለጎረቤታችን ገለጽንላቸው። በእኛ አስተያየት በረጅሙና በአጭሩ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት በሚሊሜትር የሚለካ አይደለም። ረጅሙ ስለሚከብድ በቤት ወይም በሱቅ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ አጭሩ ስለሚቀል ባለቤቱ የሄደበት ሁሉ ይሄዳል። ወደ ለቅሶም፣ ወደ ሠርግም፣ ወደ ዕድር ስብሰባም፣ ከደንበኛ ጋር በሒሳብ ወደሚነታረኩበትም ቦታ አብሮ ይገባል። ሰው በጠዋት ሲታጠቀው ሌባን አስቦ ነው፤ በማታ ሲመዘው ግን በፊቱ የሚያገኘው ወንድሙን ወይም የሥራ ባልደረባውን ሊሆን ይችላል። ቁጣ የአንድ ደቂቃ እንግዳ ነው፤ መሣሪያው በእጅ ከሌለ ተቀምጦ ይሄዳል፤ መሣሪያው በኪስ ካለ ግን ሳይበላ አይሄድም። ስለዚህ የግድ ይያዝ ከተባለ፣ የሚከብደውን፣ የሚታየውን፣ ጥይቱም ለብቻ የሚቆለፍበትን ብንመርጥ ይሻላል አልን፤ ክብደቱ ለባለቤቱ እንደ መካሪ ይሆነዋልና።

ጎረቤታችንም ዝም ብለው የሚያዳምጡ ሰው አይደሉም። «እናንተ የምትሉት ለተማረ ሰው ነው። ሌባው አዋጅ አያነብም፤ ቁጣውንም አይቆጣጠርም። እኔ ተቆልፎ የተቀመጠ ሽጉጥ መንገድ ላይ ምን ያደርግልኛል?» አሉን። ቃላቸው እውነት ነው፤ ፍርሃታቸውም የቅዠት ፍርሃት አይደለም። ሌሊት በጠባብ መንገድ የሚሄድን ሰው «አትፍራ» ብሎ ማለፍ ምክር ሳይሆን ስድብ ነው።

ይሁን እንጂ ያን ቃላቸውን ይዘን አብረን አሰላን። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን አደጋው በሌላ መንገድ የማይመለስ መሆኑንና መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆኑን ይጠይቃል። ይህን ሁሉ በጨለማ፣ በአንድ ቅጽበት፣ እጅ እየተንቀጠቀጠ መመዘን ለሠለጠነ ፖሊስ እንኳ ከባድ ነው። ከረጢቱን ለመንጠቅ የመጣ ጎረምሳ ሸሽቶ ሲሄድ ከጀርባው ቢተኮስበት፣ ነጋዴው በማግሥቱ የሚቆመው ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ ሳይሆን ከዳኛ ፊት ነው። ሽጉጡም ረጅም ሆነ አጭር፣ ዳኛው የሚጠይቀው ስለ መጠኑ አይደለም።

ቀጥለንም፣ «ጋሼ፣ የሚጠበቀው ገንዘቡ ነው ወይስ እርስዎ ነዎት?» ብለን ጠየቅናቸው። ጥቂት አሰቡና «ገንዘቡ ባይኖር እኔንማ ማን ይፈልገኛል?» ብለው ሳቁ። ነገሩ በዚህ ቃል ተፈታ። ከአንድ ትውልድ በፊት ነጋዴ የቀኑን ሽያጭ ከደረቱ ጋር አስሮ መሄዱ ግድ ነበር። ዛሬ ግን በተክለ ሃይማኖት ባንክ የሌለበት ጎዳና አይገኝም፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቴሌብር በእጅ ስልክ መቀበልና መክፈል ተለምዷል። ከሽያጩ አብዛኛው ከመምሸቱ በፊት ባንክ ቢገባ፣ የቀረውም ከአጎራባች ባለ ሱቆች ጋር በአንድ ሰዓት ዘግቶ፣ በአንድነት በሚከፈለው ዘበኛ እየተጠበቁ በመውጣት ቢታለፍ፣ ያ የሚያስፈራው ግማሽ ሰዓት ባዶ ከረጢት ይዞ የሚሄዱበት ጊዜ ይሆናል። ለባዶ ከረጢት ደግሞ ረጅም ሽጉጥም አጭር ሽጉጥም አያስፈልግም።

ጎረቤታችን ማመልከቻውን ለጊዜው አቆይተውታል። ፈጽመው ተዉት ማለታችን አይደለም፤ አሁንም አንዳንድ ምሽት ሲያገኙን «ያ ነገር ግን...» እያሉ ያነሡብናል፤ ባለ ሱቆቹን በአንድ ሰዓት ማዘጋትም ከሽጉጥ ፈቃድ ያላነሰ ጣጣ እንዳለው ይነግሩናል። እኛም መብታቸው መሆኑን አንክድም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ የመሣሪያን መጠን የሚመርጥ ሰው ከእጁ ስፋትና ከኪሱ ጥልቀት በፊት ሦስት ነገር ይመርምር። መሣሪያው ሌሊት የት ያድራል? ቀን ከማን ጋር ይውላል? ጥይቱ ዒላማውን ቢስት ማን ቤት ይገባል? ለእነዚህ ለሦስቱ መልስ ያላገኘ ሰው፣ ረጅሙም ሆነ አጭሩ ለእርሱ የተመጠነ አይደለም።