የሃምሳ አራቱ ዋንጫ

ሜልበርን ያላችሁ ፉትስክሬይን ታውቁታላችሁ። ሌላ አገር ሆናችሁ ለምታነቡ ግን ትንሽ ልንገራችሁ። ከከተማው መሀል በስተምዕራብ በባቡር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። በኒኮልሰን መንገድ ብትሄዱ የበርበሬና የቡና ሽታ ይቀበላችኋል፤ እንጀራ መሸጫው፣ የሐበሻ ምግብ ቤቱ፣ ጸጉር ቤቱ ሞልቷል። በባርክሊ መንገድ ከቀጠላችሁ ደግሞ ዊተን ኦቫል የሚባል ሞላላ ሜዳ ታገኛላችሁ። የሰፈሩ ክለብ የዌስተርን ቡልዶግስ ቤት ነው። እኔ በታክሲዬ በዚያ ሜዳ አጠገብ ለዓመታት ስመላለስ ውስጡ ምን እንደሚደረግ ግድ ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር።

እኛ እግር ኳስ የምንለውን እዚህ ሶከር ይሉታል። ፉቲ የሚሉት ሌላ ነው። ኳሱ እንቁላል መሰል ነው፤ በእጅም በእግርም ይጫወቱታል፤ ሜዳ ላይ በአንድ ወገን 18 ሰው ይሰለፋል። በየጫፉ አራት ቋሚ ምሰሶ አለ። ኳሱ በመሀለኞቹ ሁለት ምሰሶዎች መካከል ከገባ ጎል ነው፣ 6 ነጥብ። በመሀለኛውና በዳርኛው ምሰሶ መካከል ካለፈ ግን 1 ነጥብ ብቻ ነው፤ ስሙም «ቢሃይንድ» ይባላል። እንግሊዝኛ የምታውቁ እንደምታስታውሱት ይኸው ቃል «ወደ ኋላ መቅረት»ም ማለት ነው። ይህቺን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ ታመጣለች።

ጎረቤቴ የአገሩ ተወላጅ የሆኑ ባልቴት ናቸው። ልጆቼ «ናን» ይሏቸዋል፣ አያቴ እንደ ማለት ነው። ባለቤቴ ደግሞ ዕድሜያቸውን አይታ «እትዬ» ትጨምርበታለች። እናም እኛ ቤት ስማቸው እትዬ ናን ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ ላይ ግንኙነታችን ሰላምታ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴ ቡና ስትቆላ ጭሱን አይተው ቤቱ የተቃጠለ መስሏቸው በሩን ሊሰብሩት ደረሱ። ከዚያ በኋላ እንኳ ብዙም አልተቀራረብንም። ያቀራረበን ልጄ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣው ኳስ ነው። በየቀኑ አጥር ይዘላል፤ እሳቸውም በየቀኑ ይመልሳሉ። በመጨረሻ ኳሱን ያዙና «የማን ደጋፊ ነህ?» አሉት። ልጁ የአንድ ሌላ ክለብ ስም ጠራ። ኳሱን አልሰጡትም። ቤት ገብተው ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ሻርፕ አምጥተው አንገቱ ላይ ጠመጠሙለት፣ ከዚያ ኳሱን ሰጡት።

«ዋንጫ ስንት ጊዜ በልታችኋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው፣ ለጨዋታ ያህል።

«አንድ ጊዜ። በሃምሳ አራት።»

ደንገጥ አልኩ። ለምን መሰላችሁ? እኔም ያደግኩት በሃምሳ አራት ነው። አባቴ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ስታዲየም ውስጥ ነበር። በእኛ ቤት ጨዋታው በሲኒ ነበር የሚተረከው። አባቴ ሲኒዎቹን ጠረጴዛ ላይ ይደረድርና ግብፅ ሁለት ጊዜ ስትመራ፣ ሁለት ጊዜም ስናቻችል ያሳየናል። ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 ያደረጋትን ጎል ሲተርክ ሁልጊዜ ይነሳ ነበር። ከዚያ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ፤ 4 ለ 2። ከዚያ ወዲህ ዋንጫ የለም። እርግጥ የእኛ ሃምሳ አራት በፈረንጆች 1962 ነው፣ የእሳቸው ደግሞ 1954። ያን ዕለት ይህን ሁሉ አላስረዳኋቸውም። ማን የዘመን አቆጣጠር በአጥር ላይ ያስረዳል?

እሳቸው ግን ብዙ ነገሩኝ። በ1954 የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ፉትስክሬይ ሜልበርንን 102 ለ 51 ሲያሸንፍ አባታቸው ትከሻ ላይ ተቀምጠው ከሰው ባርኔጣ በቀር ምንም አላዩም። በ1961 ክለቡ እንደገና ለፍጻሜ ደርሶ ተሸነፈ። በ1989 ገንዘብ አልቆበት ከሌላ ክለብ ጋር ሊዋሃድ ሲል የሰፈሩ ሰው ቆርቆሮ ይዞ በየመንገዱ ለመነ። አንዲት ደጋፊ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ ተከራከረች፤ ክለቡም ተረፈ። ይህን ሲነግሩኝ እድራችን ትዝ አለኝ።

ከሁሉም ግን 1997ን ሲያነሱ ድምፃቸው ይለወጣል። ለፍጻሜ ለመድረስ አንድ ጨዋታ ቀርቷቸው ከአደሌድ ጋር ይገጥማሉ። ሲመሩ ቆይተዋል። በመጨረሻው ሩብ ቶኒ ሊብራቶሬ የሚባለው ተጫዋች ኳሱን መትቶ ገባ ብሎ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። እትዬ ናንና ባለቤታቸውም ሜዳው ውስጥ ሆነው ተቃቀፉ። ዳኛው ግን ሁለት ጣት ሳይሆን አንድ ጣት አሳየ። ቢሃይንድ። በ2 ነጥብ ተሸነፉ። ባለቤታቸው በ2011 እስኪሞቱ ድረስ ያቺ ኳስ ጎል ናት እንዳሉ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ናን አራተኛውን ሩብ አያዩም። ቴሌቪዥኑን ያጠፉና ጓሮ ወጥተው አትክልት ያጠጣሉ። ክረምት ቢሆን፣ ዝናብ ቢዘንብ፣ ያጠጣሉ።

እንግዲህ ወደ 2016 ልምጣ። በዚያ ዓመት ቡልዶግስ ሰባተኛ ሆኖ ነው ወደ ጥሎ ማለፉ የገባው። ከሰባተኛ ተነስቶ ዋንጫ የበላ ክለብ አልነበረም። ካፒቴኑ ቦብ መርፊ ገና በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቱ ተጎድቶ ወጥቷል። ሆኖም ፐርዝ ድረስ ሄደው ዌስት ኮስትን አሸነፉ። ሦስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ የበላውን ሆውቶርንንም አስወጡ። ሦስተኛው ጨዋታ ሲድኒ ላይ ከጂ ደብልዩ ኤስ ጋር ነበር። ይህ በ2012 ወደ ሊጉ የገባ አዲስ ክለብ ነው፤ ከዋነኞቹ ተጫዋቾቹ መካከል የቀድሞ የቡልዶግስ ልጆች ይገኙበታል፤ አንደኛው እንዲያውም ቡልዶግስን ትቶ የሄደ ካፒቴን ነው። ሰፈሩ እንዴት እንደተቃጠለ አስቡት። ሰዉ በመኪና ተጭኖ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሲድኒ ነዳ። ክለቡ እንዲህ ያለ የፍጻሜ መዳረሻ ጨዋታ ከ1985 ጀምሮ ሰባት ጊዜ ተጫውቶ ሰባቱንም ተሸንፏል።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ መስከረም 14፣ የደመራ ዋዜማ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው። እኔ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ከልጄ ጋር ቁጭ ብዬ እያየሁ ነው። አራተኛው ሩብ ሲጀምር ከጓሮ የውሃ ድምፅ ተሰማ። ጨልሟል። እትዬ ናን በጨለማ አትክልት ያጠጣሉ።

ባላንጣዎቹ በ14 ነጥብ መሩ። ልጄ ትራስ ፊቱ ላይ አድርጎ ተኛ። እኔ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ወጣሁና አጥሩ ጋ ቆምኩ።

«ስንት ነው?» አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«አሥራ አራት።»

«ለማን?»

ዝም አልኩ። ገባቸው። ውሃውን ወደ ጽጌረዳው አዞሩ።

ከዚያ በኋላ እኔ ሬዲዮ ሆንኩ። በመስኮት አያለሁ፣ ሮጬ ወደ አጥሩ እሄዳለሁ፣ እነግራለሁ። ጎል! ስድስት። እንደገና ጎል! ልጄም ትራሱን ጥሎ ተነሳ። ልዩነቱ ጠበበ። አንዲት ኳስ ደግሞ በዳርኛው በኩል አለፈች። እኔ ነጥብ በመገኘቱ ደስ ብሎኝ በሙሉ ድምፄ «ቢሃይንድ! ቢሃይንድ!» እያልኩ ጮህኩ። እትዬ ናን የውሃውን ጎማ ለቀቁት። ጎማው እንደ እባብ እየተገላበጠ እሳቸውንም አጥሩንም እኔንም አራሰ። እሳቸው የሰሙት ሌላ ነው፤ ነገሩ አበቃለት፣ ወደ ኋላ ቀረን። ወይም ያቺን የ1997ቷን ጣት አይተው ይሆናል፣ አልጠየቅኳቸውም። «አይደለም፣ የእኛ ነው! የእኛ አንድ ነጥብ!» እያልኩ ባስረዳም የሚሰማኝ የለም።

«የእኛ» ማለቴን ያወቅኩት ኋላ ልጄ ሲስቅብኝ ነው።

በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ጃክ ማክሬይ፣ ጎል ማግባት ሥራው ያልሆነ የመሀል ሜዳ ተጫዋች፣ ኳሱን ይዞ ወደ ምሰሶዎቹ ዞረ። አገባ። መሩ። ከዚያ ያለውን እኔም አላየሁም፤ እጄን አጥሩ ላይ አድርጌ ልጄ ከውስጥ የሚጮኸውን ብቻ ሰማሁ። ሳይረኑ ሲጮህ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ላይ ጮኸ። መኪና ጡሩንባውን ነፋ፣ ውሻ ጮኸ፣ ከየቤቱ ሰው ወጣ። 89 ለ 83። እትዬ ናን ጭቃው ላይ ቆመው ነበር።

«ቁጥሩን ድገምልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው። «በዝግታ» አሉ። በዝግታ ነገርኳቸው።

የዚያን ሌሊት ታክሲ ውስጥ የሰማሁትን ብጽፍ መጽሔቱ አይበቃም። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ወንበር ሆነው ቤታቸው እስክናደርስ አለቀሱ፤ ሂሳብ ሲከፍሉ «ይቅርታ፣ ለእናቴ ነው» አሉኝ። አንዲት ወጣት ደግሞ «አሸነፍን እንጂ ለፍጻሜው ምን ዓይነት ጭንቀት ነው የገባሁት!» እያለች ተማረረች። ለካ ደጋፊ ስትሆኑ ማሸነፍም አያሳርፍም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የፍጻሜው ቀን ነበር፣ ግሸን ማርያም። ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን መጥታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቡና አቀረበች። እትዬ ናንን ጠራናቸው፤ የባለቤታቸውን አሮጌ ሻርፕ ይዘው መጡ። ተጋጣሚው ሲድኒ ነው። በእረፍት ሲድኒ በ2 ነጥብ ይመራል። በሦስተኛው ሩብ መጨረሻ ቡልዶግስ በ8 መራ። እንደ ልማዳቸው ተነሱ፣ ወደ ጓሮ።

ባለቤቴ ስለ ፉቲ የምታውቀው ነገር የለም። ግን ቶናው ገና መቀዳቱ ነው። እጃቸውን ያዘችና «በረካ ሳይጠጣማ አይወጣም» አለች በአማርኛ። ልጄ ተረጎመ። «ሦስተኛውን ካልጠጡ በረከቱ ያልፍዎታል ትላለች» አላቸው። እትዬ ናን ተመልሰው ተቀመጡ። እናም ከ1997 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሲኒ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አራተኛውን ሩብ አዩ። ቶም ቦይድ ከሩቅ የመታት ኳስ ማንም ሳይነካት እየነጠረች ስትገባ በረካው ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ። 89 ለ 67። ከሚጨፍሩት መካከል ቶም ሊብራቶሬ የሚባል አንድ ልጅ ነበር፤ የዚያ በ1997 እጁን የዘረጋው ሰው ልጅ። ሽልማቱ ላይ አሠልጣኙ ሉክ ቤቨሪጅ መጫወት ያልቻለውን ካፒቴን ጠርቶ የራሱን ሜዳሊያ አንገቱ ላይ ሲያጠልቅለት ባለቤቴም አለቀሰች። ምን እንደሆነ ሳይነገራት።

እሑድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። «መኪናህ ነጻ ናት?» አሉኝ። ቆጣሪውን አጥፍቼ ወደ መቃብር ቦታው ወሰድኳቸው። ሻርፑን በባለቤታቸው ድንጋይ ላይ አሠሩት። ቀና ብዬ ሳይ ሌላም ድንጋይ ላይ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ አለ፤ ሰባት ስምንት ቆጠርኩ። እትዬ ናን ጎንበስ ብለው ውጤቱን በዝግታ ነገሯቸው።

እዚያ ቆሜ አባቴ ትዝ አለኝ። በ2013 ነው የሞተው፤ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት ዓመት። ወረቀቴ ስላልተስተካከለ ልቀብረው አልደረስኩም። መቃብሩን እስከዚያን ቀን አላየሁትም ነበር። ለእትዬ ናን ነገርኳቸው። ስለ ሲኒዎቹ፣ ስለ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ እኛም ሃምሳ አራት የምንለው ዓመት እንዳለን፣ የእኛ ዘመን ከእነሱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚቆጥር።

«ታዲያ ዋንጫው ከሄደባችሁ ስንት ዓመት ሆነ?»

በጣቴ ቆጠርኩ። ከ1962 እስከ 2016። ሃምሳ አራት ዓመት።

«እኛ 62 ጠብቀናል» አሉኝ። «ስምንት ይቀራችኋል።»

ስምንቱ ዓመት አለፈ፣ እንደምታውቁት ዋንጫው አልመጣም። ቡልዶግስም በ2021 ለፍጻሜ ደርሶ በሜልበርን በ74 ነጥብ ተሸነፈ። እትዬ ናን ወደ አትክልቱ ተመልሰዋል። እኔም አራተኛው ሩብ ሲጀምር አጥሩ ጋ እቆማለሁ፤ «ቢሃይንድ» ማለት ትቼ «አንድ ነጥብ» እላለሁ። ዋሊያዎቹ በሚጫወቱበት ቀን ደግሞ ተራው የእሳቸው ነው፤ በአጥሩ በኩል ብቅ ይሉና «ዛሬስ ልጆቻችሁ እንዴት ሆኑ?» ይሉኛል።

«ቢሃይንድ» እላቸዋለሁ።