ዳገት ለትንሹ ባቡር

አንባቢ ሆይ፣ መጠኑ የእውነተኛው ባቡር 87ኛ እጅ ለሆነ አምሳያ ባቡር፣ አንዱ ሐዲድ በሌላው ላይ የሚያልፍበትን፣ እየተፈታ የሚጓጓዝ መንገድ ለመሥራት ብትነሣ፣ ከምሰሶው በፊት ዳገቱን አስብ። እኔ በ1 ሜትር ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ አላስወጣም፤ ከዚያ ቢበልጥ ትንሹ ሞተር ብዙ ፉርጎ መጎተት ያቅተዋልና። ታዲያ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ ለማለት 4 ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል፤ ለጠባብ ክፍል ይህ ቀላል ዕዳ አይደለም!

ምሰሶዎቹን ከኮምፔንሳቶ ቆርጬ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ አቆምኋቸው፤ እያንዳንዱም ከቀዳሚው በ4 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ሙጫን ብቻ አላመንሁም፤ የመኪና መንገጫገጭ ያላቅቀዋልና ከሥር በብሎን አጠበቅኋቸው። መንገዱን የተሸከሙት ሁለቱ ሰሌዳዎች በሚጋጠሙበት ስፍራ ግን በግራም በቀኝም አንዳንድ ምሰሶ ጨመርሁ፤ የሐዲዱ ጫፎች እዚያ በ1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፉ፣ ባቡሩ ከነፉርጎው ከከፍታው ላይ ሊወድቅ ይችላል።