ቡጢኛና ሚዛኑ

ባለፈው ዓመት ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ፣ ሁልጊዜ ከኋላ መደዳ የሚቀመጥ ብርቱ ልጅ፣ አፉ ደርቆ ከንፈሩም ተሰነጣጥቆ ክፍል ይገባ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ሒሳብ እንዲሠራ ወደ ሰሌዳው ብጠራው ጠመኔውን እንደ ያዘ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ወባ የያዘው መስሎኝ ወደ ውጭ ይዤው ወጣሁና ውሃ አስመጣሁለት፤ እርሱ ግን ብርጭቆውን በእጁ ገፋ አድርጎ «አይሆንም ጋሼ፤ ቅዳሜ ሚዛን አለብኝ» አለኝ።

ነገሩን ብጠይቀው በአንድ የቡጢ ክበብ ውስጥ እንደሚለማመድ፣ ክብደቱ 64 ኪሎ ሲሆን ለውድድሩ ግን ከ60 ኪሎ ከማይበልጡት ጋር እንደ ተመዘገበ ነገረኝ። አራቱን ኪሎ የሚያወርደው ምግብ በመቀነስ፣ ከዚያም ይልቅ ውሃ ባለመጠጣትና ማታ ማታ ሁለት ሹራብ ደርቦ በመሮጥ ኖሯል። «ለምን በገዛ ክብደትህ አትጋጠምም?» ብለው «የዓለም ሻምፒዮኖቹስ እንዲህ አይደለም እንዴ የሚያደርጉት?» ሲል መለሰልኝ።

ወዲያው የምመልስለት ነገር አጣሁ። የማፍረውም ስለ ቡጢ ብዙ አውቃለሁ የምል ሰው ስለ ነበርሁ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ማታ መብራት እስኪጠፋ ድረስ በመኝታ ቤታችን የምንከራከርበት አንድ ጉዳይ ነበረን፤ ይኸውም ከክብደት ወደ ክብደት እየዘለለ ዘውድ የሚሰበስበው ሻምፒዮን ይበልጣል ወይስ በአንዱ ክብደት ጸንቶ የሚኖረው? የሚል ነው። እኔ ዘወትር ከዘላዮቹ ወገን ነበርሁ። የሚጸናውን ሰው ፈሪ፣ የሚዘለውን ጀግና አድርጌ እቈጥር ነበር። (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።)

የእኔ ሰው አሜሪካዊው ሄንሪ አርምስትሮንግ ነበር። በእርሱ ዘመን የክብደት ምድቦች እንደ ዛሬው ብዙ ሳይሆኑ ስምንት ብቻ ነበሩ። አርምስትሮንግ በ1937 መጨረሻ ገደማ ላባ የሚባለውን የ57 ኪሎ ምድብ ዘውድ ወሰደ። በ1938 በግንቦት ወር አንዱን ደረጃ ዘሎ ዌልተር የሚሉትን፣ እስከ 66.7 ኪሎ የሚደርሰውን ምድብ ከባርኒ ሮስ ነጠቀ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ የዘለለውን የ61.2 ኪሎ ምድብ ከሉ አምበርስ ላይ ጨመረበት። ዐሥር ወር ባልሞላ ጊዜ ሦስት ዘውድ፣ ያውም ሦስቱን በአንድ ራስ ላይ!

ይህን ሁሉ በቃሌ ስናገር ምክንያቱን ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ኋላ እንደ ተረዳሁት ሐሳቡ የመጣው ከልብ ይልቅ ከኪስ ነው። በዚያ ጊዜ የሕዝቡ ዓይንና ገንዘብ ሁሉ የከባድ ክብደት ሻምፒዮን በሆነው በጆ ሉዊስ ላይ ነበር፤ የአንድ ትንሽ ሰው አንድ ዘውድ አዳራሽ አይሞላም። ሦስት ቢሆን ግን ወሬ ነው። አርምስትሮንግን የያዙት ሰዎች ያሰቡት ይህንኑ ነው። ለሮስ ግጥሚያም ሰውየው መክበድ እንጂ መቅለል አላስፈለገውም፤ እንዲያውም ሚዛን ከመውጣቱ በፊት ብዙ ውሃ ጠጣ እየተባለ ይተረካል። ተማሪዬ ከንፈሩን ያደረቀው እንዲህ ያሉትን ሰዎች እመስላለሁ ብሎ ነበር!

በመጠኑ ከሚበልጡት ጋር መዋጋት የቻለበት ሌላም ምክንያት አለ። አርምስትሮንግ ከሩቅ ሆኖ በረጅም እጅ የሚወጋ ሰው አልነበረም። ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ደረት ለደረት እየተጠጋ ሳያቋርጥ የሚደበድብ ነበር። ለእንዲህ ያለው ሰው የባላጋራው ቁመት ብዙ አይጎዳውም። ሥራው በቁመቱ ላይ የቆመ ቡጢኛ ግን ወደ ላይ ሲወጣ ያን ቁመቱን ያጣዋል፤ በታችኛው ምድብ ረጅም የነበረው በላይኛው አጭር ሆኖ ይገኛልና።

ሹገር ሬይ ሮቢንሰን የወጣው ሰውነቱም ስለ አስገደደው ነው። ከ1946 ጀምሮ የዌልተር ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ ዕድሜው ወደ ሠላሳ ሲጠጋ 66.7 ኪሎ መግባት አስቸገረው፤ በዚያም ምድብ ሕዝብ የሚጠራለት ባላጋራ አልቆበት ነበር። በየካቲት 1951 ቺካጎ ላይ ጄክ ላሞታን በዐሥራ ሦስተኛው ዙር አሸንፎ የመካከለኛውን ክብደት ዘውድ ወሰደ። ከዚያ ግጥሚያ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የተሸናፊው ነገር ነው፤ ላሞታ በተፈጥሮው ከባድ ሰው ስለ ነበር 72.6 ኪሎ ለመግባት ሲራብና ሲያልበው የሰነበተ ሰው ነው። አንዱ ከታች ወጥቶ አንዱ ከላይ ወርዶ በአንድ ሚዛን ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ቍጥሩን ላየ ሰው እኩያሞች ናቸው።

ሮቢንሰን በዚህ አልበቃውም። በሰኔ 1952 ኒው ዮርክ ላይ ከጆይ ማክሲም ጋር ለቀላል ከባድ ክብደት ዘውድ ተጋጠመ። እርሱ 71.5 ኪሎ ገደማ፣ ማክሲም 78.5 ኪሎ ገደማ ይመዝኑ ነበር። የዚያን ሌሊት ከመብራቱ ሥር ያለው ሙቀት 40 ዲግሪ ደረሰ። ዳኛው እንኳ ከዐሥረኛው ዙር በኋላ መቆም አቅቶት በሌላ ተተካ። ሮቢንሰን በነጥብ በሦስቱም ዳኞች ዘንድ ይመራ ነበር፤ በዐሥራ ሦስተኛው ዙር ግን የሰነዘረው ቡጢ ስቶ ራሱን ይዞት ወደቀ፤ ለዐሥራ አራተኛው ዙር ከወንበሩ መነሣት አልቻለም። ሙቀቱ ነው ያሸነፈው የሚሉ አሉ። ሙቀቱስ ለማክሲም ምን ነበር? ሰባት ኪሎ የሚበልጥህን ሰው በየዙሩ መግፋትና መሸከም ውሃህን ይጨርሰዋል ብዬ አምናለሁ።

በእኛ በመንግሥት ሠራተኞች ዘንድ ደረጃ ሲያድግ ደመወዝም ያድጋል። ለቡጢኛውም ደመወዙ ሊያድግ ይችላል፤ ነገር ግን ባላጋራውም አብሮት ያድጋል።

አሁን በአንድ ቦታ ወደ ጸናው ወደ ማርቪን ሃግለር ልመለስ፤ በመኝታ ቤቱ ክርክር ብዙ ጊዜ የበደልሁት ሰው ነውና። ሃግለር ከ1973 እስከ 1987 ድረስ በመካከለኛው ክብደት ኖሮ፣ በ1980 ያገኘውን ዘውድ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ጠብቋል። ፈርቶ ነውን? አይደለም። ሮቤርቶ ዱራን፣ ቶማስ ሄርንስና ሬይ ሌናርድ ከታች ወደ እርሱ ይመጡ ነበር፤ ገበያው በደጁ የቆመለት ሰው ምን ሊያደርግ ይሰደዳል? ሌናርድ በ1987 ቢያሸንፈውም፣ ያ ፍርድ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው።

ወጥቶ መመለስ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ሮይ ጆንስ በመካከለኛው ክብደት ሻምፒዮን የነበረ ሰው ሲሆን፣ በመጋቢት 2003 ሥጋ ጨምሮ 87.5 ኪሎ ሆኖ 102 ኪሎ የሚመዝነውን ጆን ሩይዝን በነጥብ አሸነፈና ከባድ ክብደት ላይ ዘውድ ጫነ። ከቦብ ፊትዝሲመንስ ከ1897 ወዲህ እንዲህ ያደረገ የመካከለኛ ክብደት ሻምፒዮን አልነበረም። ስምንት ወር ያህል ቈይቶ ያን ሁሉ ሥጋ አራግፎ ወደ 79.4 ኪሎ ተመለሰ። አንቶኒዮ ታርቨርን በጭንቅ አሸነፈው። በግንቦት 2004 እንደገና ሲገናኙ በሁለተኛው ዙር አንድ ቡጢ ጣለው። ከዚያ በፊት ማንም እንደዚያ ጥሎት አያውቅም ነበር። ዕድሜም አለበት፤ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነበርና። ነገር ግን ሰውነት እንደ ካፖርት የሚለበስና የሚወለቅ አይደለም።

ለልጁ ያወራሁለት ይህን ሁሉ ነው፤ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ በኋላ የነገርሁት ግን ስለ ጆይ ጋማሽ ነው። በየካቲት 2000 ኒው ዮርክ ላይ ጋማሽ ከአርቱሮ ጋቲ ጋር ለመጋጠም ተዋዋለ፤ ወሰኑ 64 ኪሎ ነበር። ጋቲ ከግጥሚያው በፊት በነበረው ቀን ሚዛን ወጥቶ አለፈ። ከዚያ በልቶና ጠጥቶ በግጥሚያው ሌሊት ሲመዘን 72 ኪሎ ተኩል ገደማ ሆኖ ተገኘ። ጋማሽ በሁለተኛው ዙር ተዘርሮ ወደቀ፤ አንጎሉ ተጎዳ፤ ዳግመኛም አልተጋጠመም። ሚዛኑ ሐሰት አልተናገረም፤ የተናገረው ግን የዚያችን አንዲት ደቂቃ ነገር ብቻ ነው።

«እንግዲያው ብልጫው ለጋቲ ነው እኮ፤ እኔም ከሚዛን በኋላ እጠጣለሁ» አለኝ።

አነጋገሩ አስደነገጠኝ፤ ምሳሌዬን ገልብጦ ያዘብኝ! «የእናንተ ሚዛን መቼ ነው?» አልሁት። ቅዳሜ ጧት እንደ ሆነ፣ ግጥሚያውም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እንደሚጀመር ነገረኝ። ደም የሚሠራው ከውሃ መሆኑን፣ ውሃ ሲጎድል ልብ በከንቱ እንደሚደክምና ላብም እንደሚነጥፍ በሳይንስ ትምህርት ተምሮታል፤ በጥቂት ሰዓት የማይመለስ መሆኑን ግን ማንም አልነገረውም። ለምን ወደ ላይኛው ምድብ እንደማይገባ አጥብቄ ብጠይቀው መጨረሻ ላይ እውነቱን አወጣ። በላይኛው ምድብ ከእርሱ በአንድ ራስ የሚረዝም፣ የሌላ ክበብ ልጅ አለ፤ ሁሉንም አሸንፏል። በ60 ኪሎ ግን የሚፈራው ሰው የለም። ሐሳቡ ከታላላቆቹ ሐሳብ የተለየ አልነበረም፤ እነርሱም የሚያሰሉት ይህንኑ ነው።

ምን እንደ ወሰነ ሳይነግረኝ ሄደ። እኔም አሠልጣኙን ለማነጋገር ፈለግሁና መምህር በማያገባው ገባ እንዳልባል ተውሁት። እስከ ዛሬ ይቈጨኛል።

ቅዳሜ ሄድሁ። ስሙ ሲጠራ በላይኛው ምድብ ተመዝግቦ አገኘሁት። ረጅሙ ልጅ በመጀመሪያው ዙር ከሩቅ ሆኖ እንደ ልቡ መታው። በሁለተኛው ዙር የእኔው ልጅ ራሱን ዝቅ አድርጎ ገባበት፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። በነጥብ ተሸነፈ። ሁለቱም ዙር ለእርሱ ይገባ ነበር የሚል ሐሳብ አለኝ፤ ዳኛ ግን አይደለሁም።

ሰኞ አንድ ዓይኑ አብጦ የውሃ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ተቀምጦ ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቀና ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ ያ አርምስትሮንግ ያሉኝ ሰው፣ ቁመቱ ስንት ነበር?»

«አንድ ሜትር ከ66 ገደማ» አልሁት።

ከግድግዳው አጠገብ ሄዶ ቆመና እጁን በራሱ ላይ ጋደም አድርጎ ለካ።