የእናታችን ሳልና የሰፈራችን ‹‹ሲስተር››

የሰፈራችን ሰው ያቺን መድኃኒት ቤት በስሟ አይጠራትም። ‹‹ሲስተር ጋ›› ነው የሚላት። ባለቤቷ ግን ነርስ ሆና አታውቅም፤ ፋርማሲስት ናት። ዲግሪዋና የሙያ ፈቃዷ ከመደርደሪያው በላይ በመስታወት ተሰቅለዋል። ችግሩ በእኛ ሰፈር ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት፤ ወንድ ቢሆን ኖሮ ዶክተር ይባል ነበር። እሷም ‹‹ሲስተር አይደለሁም›› ማለት ከተወች ቆይታለች።

ባለፈው ክረምት እናታችንን ሳል ያዛት። (‹‹እኛ›› ስንል አንዲት ሴት ብቻ መሆናችንን አንባቢ ይወቅልን፤ ‹‹እኔ፣ እኔ›› ማለት ያሳፍረናል።) ደረቅ ሳል ነው፣ አክታ የለውም፣ ማታ ማታ ይብስባታል። ዳማከሴ ተጨመቀ፣ ዝንጅብል በማር ተፈላ፣ ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት አዘዘ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ እናታችን ራሷ ሐኪም ሆና አረፈችው። ‹‹ሂጂና አሞክሳሲሊን አምጪልኝ፤ ያቺን አምና የዳንኩባትን›› ብላ ባዶ ፓኮ አስይዛ ላከችን።

ሲስተር ፓኮውን አገላብጣ አየችና ‹‹ማዘዣ አለ?›› አለች። የለም አልናት። ‹‹እንግዲያው ጤና ጣቢያ ትታይ። ይሄን ያለማዘዣ አልሰጥም።›› እውነቱን እንናገርና ተናደድን። ስንት ዓመት ደንበኞቿ ነን! ‹‹እኛን እኮ ታውቂናለሽ›› አልናት። ‹‹አውቃችኋለሁ፤ ሳሉን ግን አላውቀውም›› አለችና ከኋላችን ወደቆሙት አዛውንት ዞረች።

ከሲስተር ቤት 200 ሜትር ያህል ወረድ ሲሉ ሌላ መድኃኒት ቤት አለ። እዚያ ያለው ልጅ የጠየቀን ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ‹‹ስንት ፍሬ?›› አሥር አልነው። ከስትሪፑ ላይ በመቀስ ቆርጦ፣ በትንሽ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠን። ቤት ደርሰን ስናየው የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ የታተመበት ጫፍ እዚያው ልጁ ጋ ቀርቷል። እናታችን ግን ስለ ቀኑ ግድ አልነበራትም። በቀን አንድ አንድ እያለች አራት ቀን ዋጠችና ለውጥ ስታጣ ተወችው። የተረፉትን ስድስት ፍሬ ‹‹ለሌላ ቀን ይሆናሉ›› ብላ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ሳሉ ወይ ፍንክች።

እንግዲህ እንደገና ወደ ሲስተር ተመለስን፤ ያውም ትንሽ አንገታችንን ደፍተን። በዚህኛው ጉዟችን የሳል ሽሮፕ ነው የፈለግነው፤ እሱ ማዘዣ አይጠየቅበትም። ሲስተር ሽሮፑን ከማውረዷ በፊት ‹‹እናትሽ ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?›› አለችን። የደም ግፊት እንዳለባት ነገርናት። ‹‹የትኛውን ነው የምትወስደው?›› አላወቅንም። ስልክ ደወልን፤ እናታችን መነጽሯን ፈልጋ፣ ከፓኮው ላይ ፊደል በፊደል አነበበችልን፤ ኢናላፕሪል። መቼ ጀመረች? ግንቦት። ሳሉስ? ሰኔ።

ሲስተር ሽሮፑን መደርደሪያው ላይ ተወችው። ‹‹ይሄ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል›› አለች። ‹‹እሱ ይሁን አይሁን ሐኪሟ ነው የሚወስነው። በራሷ ግን እንዳታቆመው፤ ግፊቷ ይጨምራል። ነገ ውሰዷትና ይሄን ለሐኪሙ ንገሩት።›› በብጣሽ ወረቀት ላይ የመድኃኒቱን ስምና የተጀመረበትን ወር ጽፋ ሰጠችን። ያን ቀን ከእኛ አንድ ብር አላገኘችም።

ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ እናታችንን መረመረ፣ መድኃኒቷን ወደ አምሎዲፒን ቀየረላት። ሳሉ በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠፋ። እኛ ጋዜጠኝነት የተመረቅን ሰዎች ነን፤ ጠይቁ፣ ደግማችሁ ጠይቁ እየተባልን ነው የተማርነው። የገዛ እናታችንን ‹‹ሳሉ ከመጀመሩ በፊት ምን አዲስ ነገር ነበር?›› ብለን ግን አልጠየቅናትም።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስንመለስ የሲስተር አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ማለት ለመድን፤ ሕጉንም ማንበብ ጀመርን። የሕግ እጥረት እንኳ የለብንም። የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 176/1991 ነበር፤ እሱን ተከትሎ አዋጅ ቁጥር 661/2002 መጣ፤ አሁን ደግሞ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። ሥራው የተከፋፈለ ነው። መድኃኒቱ አገር ውስጥ እንዲገባ የሚመዘግበውና የሚፈቅደው የፌዴራሉ ባለሥልጣን ነው፤ የሰፈሩን መድኃኒት ቤት ፈቃድ የሚሰጠውና የሚፈትሸው ደግሞ የከተማው አካል። መድኃኒት ቤቱም ደረጃ አለው። ፋርማሲ የሚባለውን ፋርማሲስት ይመራዋል፤ መድኃኒት መደብር የሚባለውን ከዚያ ዝቅ ያለ ሥልጠና ያለው ባለሙያ ሊመራው ይችላል፤ መደርደሪያው ላይ የሚፈቀደውም ይለያያል። ሰፈራችን ግን ይሄን ሁሉ አይለይም፤ አረንጓዴ መስቀል ያለበት በሙሉ ፋርማሲ ነው።

ተቆጣጣሪ ሲመጣ ምን እንደሚያይ ሲስተርን ጠየቅናት። ኢንሱሊን የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መሆኑን፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ለብቻው መለየቱን፣ ባለሙያው በቦታው መኖሩን፣ የማዘዣ ፋይሉን፣ ልዩ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች መዝገብ መሟላቱን። ሁሉም ተገቢ ነው። ነገር ግን ‹‹ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?›› የሚለው ጥያቄ በየትኛው ፋይል ይቀመጣል? ለሕመምተኛው ማስረዳት የባለሙያው ግዴታ ነው፤ መጠየቁን ግን ከባንኮኒው ወዲህና ወዲያ ካሉት ሁለት ሰዎች በቀር የሰማው የለም።

ደግሞም እምቢ ማለት ዋጋ ያስከፍላል። ሲስተር ‹‹ማዘዣ አምጣ›› ያለችው ሰው ዞሮ 200 ሜትር ይወርዳል፤ የሕፃን ወተቱንም ዳይፐሩንም እዚያው ይገዛል። ሰፈሩ ‹‹ኩራተኛ›› ይላታል፤ እኛም ብለናታል። የቤት ኪራዩ ግን ኩራተኛ ነሽ ብሎ አይቀንስላትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣው መድኃኒትም ዋጋው አብሮ ወጣ። የወር የግፊት መድኃኒት ይገዙ የነበሩ ሰዎች አንድ ስትሪፕ ብቻ ገዝተው ‹‹የቀረውን ደመወዝ ሲወጣ›› ሲሉ በጆሯችን ሰምተናል። ለአንዳንዶቹ ሲስተር ከባንኮኒው ሥር ያለውን የዱቤ ደብተር ስታወጣ አይተናል። ይሄንን ተቆጣጣሪው አይጠይቃትም፤ እኛም አልነገርንም።

ማዘዣ ይዛችሁ ኑ ማለትም ቢሆን ለሁሉም እኩል አይቀልም። የቀን ሠራተኛ ጤና ጣቢያ ተሰልፎ ከዋለ የዚያን ቀን እንጀራውን አጣ ማለት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ያለውም ቢሆን አንዳንዴ ወረፋውን ጨርሶ፣ ታይቶ፣ ‹‹መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዛ›› ይባላል። እንዲህ ያለውን ሰው 200 ሜትር ወረድክ ብለን ልንፈርድበት አንደፍርም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ሲስተር ይሄን ቁጥር ስንነግራት አልገረማትም። ‹‹ድሮ የሚሠራው መድኃኒት አሁን እምቢ ሲል እኮ እዚሁ ቆሜ አያለሁ›› ብላ ሒሳቧን ቀጠለች።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ቁም ነገር ልንሠራ ተነሳን። መሳቢያ ውስጥ የቀሩትን ስድስት ፍሬዎች አውጥተን፣ በአግባቡ እንዲወገዱ ለሲስተር ልንሰጣት ነው። ስንቆጥራቸው አራት ሆኑብን። እናታችንን ጠየቅናት።

‹‹ጎረቤታችን ጥርሷን አሟት ስታቃስት አደረች፤ ሁለት ሰጠኋት›› አለች።

‹‹ሌላ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠይቀሻታል?›› አልን።

‹‹ምን አባቴ ቤት ነው የምጠይቃት! እኔ ሲስተር ነኝ እንዴ?›› አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

አራቱን በወረቀት ጠቅልለን ወጣን። በመንገዳችን ላይ የጎረቤታችንን በር አንኳኳን።