ሳጋቱራ

አዳማ በሚገኝ አንድ የዘይት ፋብሪካ ፋጉሎ ወደ ጆንያ ከሚሞሉት ሠራተኞች አንዱ ነበርኩ። ኑጉ ከመጨመቁ በፊት በእንፋሎት ይሞቃል፤ ከመጭመቂያው ዘይቱ በአንድ በኩል፣ ፋጉሎው በሌላ በኩል ይወጣል። ዘይቱ ታዲያ ሁሉም ማጠራቀሚያው አይደርስም። ከቧንቧው መገጣጠሚያ ይንጠባጠባል፤ የፋጉሎ ብናኝ ያርፍበታል፤ እንፋሎቱም ወዝቶ ይጨመርበታል። ወለሉ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። መፍትሔ ተብሎ የሚሰጠን ሳጋቱራ ነበር። ሳጋቱራ ዘይት የሚመጠው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ተጠርጎ ካልተቀየረ ከሥሩ ያለውን ዘይት ደብቆ እግርን ያታልላል።

ጋሼ የምንላቸው የመጭመቂያው ባለሙያ የወደቁት በሌሊት ፈረቃ ነው። የኑጉ መውረጃ ተደፍኖ ሊከፍቱት ወደ መድረኩ ወጡ። መድረኩ ከሰው ቁመት እምብዛም አይበልጥም፤ መሰላሉ ግን መደገፊያ አልነበረውም። ሲወርዱ የረገጡት ብረት ዘይት ነክቶታል፤ የተጫሙት ደግሞ ሶሉ ያለቀ ኮንጎ ነው። በማሽኑ ጩኸት ድምፃቸውን አልሰማሁም፤ በጎናቸው ሲያርፉ ብቻ አየሁ። ሮጠን ልናነሳቸው ስንል የጽዳቷ እትዬ "አትንኳቸው! አጥንት ተሰብሮ ከሆነ ታብሱባቸዋላችሁ!" ብለው ከለከሉን። እውነታቸውን ነበር፤ ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሰፊ ጣውላ ላይ አጋድመን ወደ ሆስፒታል ወሰድናቸው።

በማግስቱ ካቦው "ተጠንቅቀው ቢወርዱ ኖሮ" አለ። ይህች አነጋገር ዛሬም ታንገበግበኛለች። ዘይት በሚንጠባጠብበት፣ መደገፊያ በሌለበት ቦታ ጥንቃቄ ሰውን ምን ይይዘዋል? የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀመንበር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ይዘው ቢሮ ገቡ። በአዋጁ መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ነፃ የሚሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። የሕክምናው ወጪም የአሠሪው ነው። የተጎዳው ሰው ለሦስት ወር ሙሉ ደሞዙን፣ ለቀጣዩ ሦስት ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ለስድስት ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። ብዙዎቻችን ይህን የሰማነው ያን ቀን ነው። ክርክሩ ቢረዝምም ጋሼ ተከፈላቸው።

ድነው ሲመለሱ መሰላል መውጣት ስላልቻሉ ሚዛን ክፍል ተመደቡ። ለመሰላሉ መደገፊያ ተበየደለት፤ ሥራው ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። መገጣጠሚያውን መቀየር ግን ማሽኑን ማቆም ስለሚጠይቅ ከሳምንት ሳምንት ይገፋ ነበር። ፋብሪካውን እስክለቅ ድረስ በየፈረቃው መግቢያ ሳጋቱራ እንበትን ነበር።